ስለ ታመቀ አየር ሲሊንደር አሞላል፣ አጠባበቅና ስለ ማኅተሙ ዘመን አቈጣጠር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሆሳዕና የሚገባ መንገደኛ፣ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ከሚሰማቸው ድምፆች አንዱ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ነው። በሾኔም፣ በዱራሜም፣ በሺንሺቾም፣ በአንጋጫና በዶዮገናም እንዲሁ ነው። ተሽከርካሪ በበዛ ቁጥር ጎማ የሚነፋው፣ መኪና የሚያጥበው፣ ቀለም የሚረጨውና ብረት የሚበይደው ሰው በዝቷል፤ እነዚህም ሁሉ የታመቀ አየር ወይም የታመቀ ጋዝ ሳይኖር ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። ከሀድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው የሚነግዱ ልጆቻችን የሚልኩት ገንዘብም ብዙ ጊዜ ወደ ሱቅ፣ ወደ ቤት ሥራና ወደ ተሽከርካሪ ስለሚገባ፣ የዚህ ዕቃ ፈላጊ ወደፊትም አይጎድልም።

ይሁን እንጂ ዕቃው እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ስኳር ተቀብሎ የሚሸጡት ዕቃ አይደለም። ጨርቅ ቢያረጅ ይቀደዳል፤ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ቢያረጅ ግን የሚቀደደው እርሱ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ አስመጪውም፣ አከፋፋዩም፣ ባለ ሱቁም ስለ ዕቃው ሊያውቁት የሚገባውን ነገር፣ በተለይም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የዘመን አነባበብ ጉዳይ፣ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በገበያችን የሚገኙት ዕቃዎች በግፊታቸው መጠን በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራል። ሁለተኛው በብየዳ ቤትና በሆስፒታል የሚታየው ረጅሙ የብረት ሲሊንደር ነው፤ ይህ በ150 ወይም በ200 ባር ይሞላል። ሦስተኛው ትንሽ ሆኖ ሳለ ከሁሉም የሚበልጥ ግፊት የሚይዘው ነው። የእሳት አደጋ ተከላካዮች በጀርባቸው አዝለው የሚተነፍሱበት፣ ጠላቂዎች ይዘውት ውሃ ውስጥ የሚገቡበት፣ እንዲሁም ወጣቶች የቀለም ጥይት እየተኳኰሱ በሚጫወቱበት ፔይንትቦል በተባለው ስፖርት መሣሪያው ላይ የሚገጠመው የአየር ሲሊንደር ከዚህ ወገን ነው። የፔይንትቦሉ ሲሊንደር ክንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ 200 ወይም 300 ባር ይይዛል። መጠኑን አይቶ መናቅ አይገባም፤ በትልቁ የጎሚስታ በርሜል ውስጥ ካለው ግፊት ሠላሳ እጥፍ የሚሆን ግፊት በውስጡ አለ።

ግፊት ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ በ1662 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአየርን ስፍራ በግማሽ ብናጠብበት ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። አየሩ ግን የተጨመቀበትን ኃይል አይረሳም፤ እንደ ተጠመደ ወጥመድ ይዞት ይቀመጣል። 200 ሊትር የሚይዝ የጎሚስታ ማጠራቀሚያ 8 ባር ሲሞላ፣ በውስጡ የተቀመጠው ኃይል 1,000 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል ወደ 20 ሜትር ከፍታ ለማንሣት የሚበቃ ነው። 50 ሊትር ብቻ የሚይዝ ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ ደግሞ ያንኑ አውቶሞቢል ወደ 200 ሜትር ሊያነሣ የሚችል ኃይል ይዟል። ይህ ኃይል በቫልቩ በኩል ቀስ ብሎ ሲወጣ ሥራ ይሠራል፤ ብረቱ ደክሞ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ግን ቤትና ሰው ያጠፋል።

ብረቱ መድከሙንና አለመድከሙን በዓይን ብቻ ማወቅ አይቻልም። በመሆኑም ሲሊንደሩ በየተወሰነው ዘመን በውሃ ግፊት ይመረመራል። በአየር ሳይሆን በውሃ የሚሆንበት ምክንያት፣ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ሲሊንደሩ በምርመራው ላይ ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ይፈሳል እንጂ አይፈነዳም። በምርመራው ጊዜ ሲሊንደሩ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ግፊት ይፈተናል። በብዙ አገሮች ደንብ የምርመራው ዘመን እንደ ሲሊንደሩና እንደ ጋዙ ዓይነት በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ ነው። ምርመራውን ያለፈ ሲሊንደር የተመረመረበት ወርና ዓመት በትከሻው ላይ ይቀረጽበታል።

የአገራችን ነጋዴ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በትከሻው የተቀረጸው ዘመን የፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የእኛ አይደለም። እንበልና በ2018 ዓ.ም. አንድ ባለ ሱቅ አሮጌ ሲሊንደር ሊገዛ ቀርቦ በትከሻው ላይ 2017/06 የሚል ቢያገኝ፣ በልቡ «ባለፈው ዓመት የተመረመረ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ይህ ማለት በጁን 2017 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተመርምሯል ማለት ነው። የምርመራው ዘመን 5 ዓመት ከሆነ፣ ሲሊንደሩ መሞላት የማይገባው ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሻጩ ምናልባት ምንም ሳይዋሽ፣ ገዢውም ምንም ሳይሰንፍ፣ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ተሳስተው ለአራት ዓመት ያህል ምርመራው ያለፈበትን ዕቃ ተለዋወጡ ማለት ነው። የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ከአንድ ሙሉ የምርመራ ዘመን ይበልጣል፤ ስሕተቱ ቀላል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ወሩ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል፤ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 ይቀነሳል። ሴፕቴምበር የእኛ ዘመን መለወጫ ያለበት ወር ስለሆነ ለጥንቃቄ 8 መቀነስ ይሻላል። አንዳንዱ ማኅተም ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ስለሚጽፍ፣ 06 17 የሚለውን ወር ነው ወይስ ቀን ብሎ መጠራጠር ይገባል። በመካከሉ የመርማሪው ድርጅት ምልክት ገብቶ የሚገኝበትም አለ። እንዲሁም ባለ ጋራዡ በሲሊንደሩ ላይ በቀለም የራሱን ቀን ሲጽፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ካልለየ፣ ነገ ዕቃውን የሚረከበው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። ቀለም በሚቀባበትም ጊዜ የተቀረጸውን ጽሑፍ ወፍራም ቀለም እንዳይሞላው መጠንቀቅ ነው፤ ማኅተሙ የማይነበብ ሲሊንደር ስሙ እንደ ጠፋ ሰው ነው፣ ማንም ሊዋስለት አይችልም።

በትከሻው ላይ ከዘመኑ ሌላ የሠሪው ምልክት፣ ተራ ቁጥሩ፣ ባዶ ክብደቱ፣ የሚይዘው ውሃ በሊትር፣ የሥራ ግፊቱና የምርመራ ግፊቱ ተጽፈዋል። ከእነዚህ ሁለቱን ግፊቶች ማምታታት የሚያደርስ ጥፋት ከባድ ነው። የምርመራ ግፊቱ 300 የሆነ ሲሊንደር 300 ይሞላል ማለት አይደለም፤ የሚሞላው የሥራ ግፊቱ ከሚለው፣ ማለትም ከ200 ሳይበልጥ ነው። መለኪያዎቹም በሁለት ቋንቋ ይናገራሉ፤ የአሜሪካኑ በፒ.ኤስ.አይ.፣ ሌላው በባር ነው። አንድ ባር 14 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ስለሆነ፣ 3,000 ፒ.ኤስ.አይ. የሚለው 200 ባር ያህል፣ 4,500 የሚለው 300 ባር ያህል መሆኑን ባለ ሱቁ በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

በካርቦን ክር ተጠቅልለው የሚሠሩት ቀላል ሲሊንደሮች፣ ማለትም አብዛኞቹ የፔይንትቦልና የእሳት አደጋ ሲሊንደሮች፣ ሌላ ወሰን አላቸው። የአሜሪካንን ደንብ ተከትለው ከተሠሩት ብዙዎቹ በየ5 ዓመቱ ቢመረመሩም፣ ከተሠሩ 15 ዓመት ሲሞላቸው መልካቸው የቱንም ያህል ቢያምር ከሥራ ይወጣሉ። በውጭ አገር እንዲህ ዘመናቸው ያለቀ ሲሊንደሮች በርካሽ ስለሚገኙ፣ አስመጪው ዋጋውን ብቻ አይቶ እንዳይቸኩል ይገባዋል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት በትከሻው ወይም በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛልና።

አሁን ወደ አሞላሉ እንመለስ። ሲሊንደር የሚሞላ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማኅተሙን ማንበብ፣ ቀጥሎ አካሉን መመልከት ነው። ጥልቅ ጭረት፣ ጉድጓድ፣ የእሳት ምልክት፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም ያበጠ ስፍራ ያለበት አይሞላም። በተለይም የአሉሚኒየም ሲሊንደር ቀለም ተቀብቶ በምድጃ የተጋገረ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ መመለስ አለበት። የቫልቩ አፍና የመሙያው አፍ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። በመሙያው አፍ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ማኖር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ አየር በድንገት ሲታመቅ በጣም ስለሚሞቅ፣ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ያለ ክብሪት እንደሚነድ ሁሉ ያች ጠብታ ዘይትም ትነዳለች። ከዚህ በኋላ ቫልቩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ለእንዲህ ያሉ ሲሊንደሮች በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ባር መሙላት የተለመደ ልክ ነው። ሲፈጸም በመጀመሪያ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፣ ከዚያ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ይለቀቃል፣ በመጨረሻ ቱቦው ይፈታል። ይህን ተራ ያፋለሰ ሰው የቱቦው ጫፍ እንደ አለንጋ ይገርፈዋል።

ቀስ ብሎ መሙላት ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለቅን ንግድም ነው። በፍጥነት የተሞላ ሲሊንደር ይሞቃል። ውስጡ 60 ዲግሪ ሆኖ መለኪያው 200 ባር ቢያሳይ፣ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ 176 ባር ያህል ብቻ ይሆናል። ገዢው የ200 ከፍሎ የ176 ተቀበለ ማለት ነው፤ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ጠፋበት። ይህንን ጉድለት ለማካካስ «ትንሽ አብልጬ ልሙላ» የሚል ሰው ደግሞ ጥፋቱን በጥፋት ያርማል። ትክክለኛው መንገድ ቀስ ብሎ መሙላት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ የጎደለውንም ከሥራ ግፊቱ ሳያልፉ መጨመር ነው። ሲሊንደሩን በውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከሩ መሙላት በአንዳንድ ቦታ ይለመዳል፤ ነገር ግን እርጥበቱ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ መጠንቀቅ ስለሚያስፈልግ፣ ለጀማሪ አንመክረውም።

ሙቀቱ በመንገድም ይከተላል። በደጋው ቀዝቃዛ አየር በ15 ዲግሪ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር፣ ወደ ጊቤ ቆላ ወርዶ በመኪና ላይ ፀሐይ ሲመታው 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግፊቱ 224 ባር ያህል ይሆናል። ሠሪዎቹ ይህን አስበው ስለሚሠሩት ጤነኛው ሲሊንደር ይችለዋል፤ የደከመው ወይም ከልክ በላይ የተሞላው ግን አይችለውም። በአንዳንድ ሲሊንደሮች ቫልቭ ላይ፣ ግፊቱ ሲያልፍ በራሱ ተቀዶ አየሩን የሚያስወጣ ስስ የብረት ክዳን አለ። ይህ ክዳን በተቀደደ ጊዜ በሳንቲም ወይም በወፍራም ቆርቆሮ መተካት ወንጀል ነው ቢባል አይበዛበትም።

የአየር ዕቃ ትልቁ ጠላት ግን ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውና በእርጥበት የጠገበ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 17 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። የክረምቱ አየር ወደዚህ ጥጋብ ይቀርባል። ያ አየር በኮምፕሬሰሩ ዘጠኝ እጥፍ ታምቆ ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው 2 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 15 ግራሙ ወደ ማጠራቀሚያው ወለል ይወርዳል። በሰዓት 20 ኪዩቢክ ሜትር የሚስብ ኮምፕሬሰር በአንድ ሰዓት ከሲኒ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሆን ውሃ በራሱ ሆድ ውስጥ ያጠራቅማል ማለት ነው። ይህ ውሃ ሳይፈስ ቢቀር የማጠራቀሚያውን ሥር ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ግን ቀለሙ እንደ ደመቀ ይኖራል። በየምሽቱ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለውን ማፍሰሻ መክፈት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከፍተኛ ግፊት ለሚይዙት ትንንሽ ሲሊንደሮች ደግሞ ውሃውንና የዘይቱን ሽታ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም በሠራበት ሰዓት ልክ ይለወጣል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለሚተነፈስ አየር አይሆንም። ሲሊንደሩም ፈጽሞ ባዶ እስኪሆን መጠቀም አይገባም፤ ጥቂት ባር ከቀረበት እርጥቡ የውጭ አየር ወደ ውስጥ አይገባበትም።

ኮምፕሬሰር የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንድ ነገር እንዲያስቡ እናሳስባለን። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ዱራሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የፋብሪካው ወረቀት «በደቂቃ 400 ሊትር» ቢል፣ ማሽኑ እዚህ የሚስበው አየር በቁም ነገር ሲመዘን ከ300 ብዙም አይበልጥም። ገዢው «ማሽኑ ደካማ ነው» ብሎ ሊከስ ሲመጣ ከመከራከር፣ በመጀመሪያ ከፍ ያለውን መጠን እንዲወስድ መምከር ለሱቁም ስም ይበጃል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራው ሞተርም በዚሁ ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለ ኦክስጅን የሚባለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አይለወጥም። የኦክስጅን ሲሊንደር አየር አይሞላበትም፣ የአየሩም ኦክስጅን አይሞላበትም። ኦክስጅን አየር ባለቀበት ቀን ጎማ ለመንፋት ወይም አቧራ ለማራገፍ የሚያገለግል ምትክ አይደለም፤ ልብስን ሳይቀር በአንዲት ብልጭታ ያነዳል። ዘይት፣ ግሪስና ቅቤ ወደ ቫልቩ መቅረብ የለባቸውም። አታካና በልቶ እጁን በሚገባ ሳይታጠብ የኦክስጅን ቫልቭ የሚይዝ በያጅ፣ ምግቡ ክቡር ቢሆንም፣ አደጋ ይዞ ቆሟል። በቀለም ብቻ ጋዝን መለየት አይቻልም፤ የአገሩ ደንብ ስለሚለያይ በላዩ የተጻፈውን ስም ማንበብ ነው። የሚነዱ ጋዞች ቫልቭ ጥርስ ወደ ግራ ይዞራል፣ የኦክስጅን ግን ወደ ቀኝ፤ አልገጥም ያለውን በኃይል ማስገጠም አይገባም። በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሰሉ ሕክምና ቤቶች የሚያገለግል ሲሊንደርም ከብየዳ ቤቱ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ሲሊንደር በሚጓጓዝበት ጊዜ የቫልቩ መከላከያ ቆብ ይታሰራል። ሲሊንደሩ ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ፣ ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ስለሚወጣ ብረቱ እንደ ሮኬት ይወረወራል። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ከሌላ ሸቀጥ ጋር ሲመጣ በጠንካራ ገመድ መታሰር፣ በሕዝብ ማመላለሻ ጣራ ላይ ግን ፈጽሞ አለመጫን ነው። በመጋዘን ውስጥ ቆሞ በሰንሰለት ወደ ግድግዳ ይታሰራል፤ ሙሉውና ባዶው ይለያያሉ፤ ከካርባይድና ከቡታጋዝ ይርቃሉ።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ያላቸው ደንበኞች በየሳምንቱ የደኅንነት ቫልቩን ቀለበት ጎትተው መንፋቱን ያረጋግጡ። እየነፋ ያስቸገረ ቫልቭ ይለወጣል እንጂ አይዘጋም። የተበሳ ማጠራቀሚያ በብየዳ አይጠገንም፤ በአንድ ቦታ የተበሳው በዙሪያውም ሳስቷልና። የማቀዝቀዣ ጋዝ የመጣበትን፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራውን ስስ ሲሊንደር ወደ አየር ማጠራቀሚያ መለወጥም እንዲሁ ነው። የግፊት መለኪያዎችን ትክክለኛነት የሚጠራጠር ሰው በአዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሊጠይቅ ይችላል።

ባለ ሱቆች አንድ ደብተር ቢይዙ መልካም ነው። በአንዱ ዓምድ የሲሊንደሩ ተራ ቁጥር፣ በሁለተኛው የሥራ ግፊቱ፣ በሦስተኛው ምርመራው በእ.ኤ.አ.፣ በአራተኛው በዓ.ም.፣ በአምስተኛው ቀጣዩ ምርመራ የሚደርስበት ወር ይጻፋል። ሲሊንደር ሊያስሞላ የመጣ ደንበኛ ዘመኑ ያለፈበት ቢሆን፣ ደብተሩን አሳይቶ መመለስ ይቻላል፤ ደንበኛው ቢቆጣም ቁጥሩ በሁለቱም አቈጣጠር ፊቱ ተጽፎ ይታያል።